የባለቤት ፊርማ

ነገሩ ቆይቷል፤ ወሩን ወይም ቢሮው ያለበትን ፎቅ ልሳሳት እችላለሁ። የተባባሉትን ግን እንደሰማሁት ነው የምጽፈው።

አናጺው ያገባት ሴት ከድንበር ማዶ የመጣች ናት። ንግግሯ እንግዳነቷን አያስታውቅም፤ ፊደሉን ግን ማንበብ አትችልም። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት ከባሏ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት መኖር አለባት። ለአንድ ሳምንት እንኳ ከአገር ከወጣች ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። እናቷ ደግሞ እዚያ ማዶ ታመው ተኝተዋል።

አልጋው ሥር የታሰረ ሻንጣ ነበራት።

«ወረቀቱን በያዝኩ ማግስት ነው የምሄደው» ትላለች። «እናቴን አይቼ እመለሳለሁ።»

የአናጺው እህት ይህን አላመነችም። የእሷም ባል የመጣው ከዚያው ነበር፤ ፈቃዱ በወጣለት በሳምንቱ ውልቅ ብሎ ጠፍቷል።

«ወንድሜ፣ ልብ ግዛ» ትለዋለች። «ይህቺ ሴት ቀን ነው የምትቆጥረው። ወረቀቷን ስትይዝ ክንፍ ታወጣለች።»

«ተይ እንጂ» ይላል አናጺው። ሻንጣው ከቦታው መኖሩን ሳያይ ግን ወደ ሥራ አይወጣም።

ለፈቃዱ በየዓመቱ አንድ ቅጽ ተሞልቶ ለኢሚግሬሽን ቢሮ ይገባል። የመጀመሪያውን እሱ ሞላላትና የታችኛውን መስመር አነበበላት፤ «የባለቤት ፊርማ»።

«ባለቤት ማን ነው?»

«የቤቱ ጌታ ነዋ! አከራያችን ጋ ይዘሽው ሂጂ።»

አከራዩ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን በስንት ፍለጋ አግኝተው ፈረሙ። «እስከ ዛሬ ባለቤትነቴ ትዝ የሚላችሁ ጣሪያው ሲያፈስ ብቻ ነበር» ብለው ሳቁ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት እሳቸው ፈረሙ። ቢሮው ቅጹን ማህደር ውስጥ ይከታል እንጂ አያነበውም፤ ምርመራው መጨረሻ ላይ ነው።

በቀጠሮው ቀን ባልና ሚስቱ ከእህትየው ጋር ሄዱ። ጸሐፊዋ ማህደሩን አገላበጠች።

«ባለቤትሽ የታለ?»

«ይኸው» አለች ሚስት፣ ባሏን እያሳየች።

«ታዲያ ለምን ሌላ ሰው ፈረመ? እዚህ ላይ ባለቤት ማለት ባልሽ ነው፣ እህቴ። አብሮሽ መኖሩን አላረጋገጠልሽም። ሦስቱም ዓመት አይቆጠርም፤ እንደገና ትጀምሪያለሽ።»

ሚስት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «እናቴ ሌላ ሦስት ዓመት አትጠብቀኝም።»

ኮሪደሩ ላይ እህትየው ጮኸች። «አላልኩህም? ባሏን ትታ ሽማግሌ የምታስፈርመው ምን ብትዶልት ነው?»

«እሱ ነው የላከኝ» አለች ሚስት።

«ቃሉ ነው ያሳሳተኝ» አለ አናጺው፣ ጫማውን እያየ። «እኔ መዶሻ እንጂ የቢሮ ቋንቋ ከየት አውቄ?»

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። እህትየው ጩኸቷን ድንገት አቁማ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው።

«የኔን ባል ቅጽ የሞላኸው አንተ አይደለህ እንዴ? ‹ባለቤት ማለት አንቺ ነሽ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ› ያልከኝስ?»