የመተት ተቃራኒ

"ቁረጠው" ትለኛለች እህቴ፣ ካፖርቷን ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራ። "አንተው ቁረጠው። እኔ አልነካውም።"

እኔና እሷ በዚህች ቢሮ የተቃራኒ ቃላት መጽሐፍ እያዘጋጀን ነው። እኔ ቃሉን እፈልጋለሁ፣ እሷ ትተይባለች። አንድ ደንብ አለን፤ የትኛውም ጥንድ በምናውቀው ሰው ላይ በዓረፍተ ነገር ካልተሞከረ አይገባም። በ"ለጋስ" አጎታችንን ሞከርን፣ በ"ቆንቋና" አከራዬን። "እርግማን" ከ"ምርቃት" ጋር ያለ ጭቅጭቅ ተጋባ። ከትናንት ጀምሮ የተገተርነው "መተት" ላይ ነው፤ ተቃራኒ አጣንለት።

ዛሬ ጠዋት እህቴ መሞከሪያውን ይዛ መጣች፦ "ሚስትህ መተት አሠራችብኝ።"

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባለፈው ሳምንት የዚህን ካፖርት ገበር ተተርትሯል ብላ ወሰደችና ሰፍታ መለሰችላት። ትናንት እህቴ ስትተኩሰው፣ ግራ ትከሻው ላይ፣ ከገበሩ ውስጥ እብጥ ያለ ነገር እጇ ላይ መጣ።

"ሰሞኑን ራሴን ሲፈልጠኝ የከረመው ለካ በዚህ ነው። ከእንግዲህ እቤታችሁ አልረግጥም። አንተም ወይ እኔን ምረጥ ወይ እሷን።"

"አንቺ ልጅ፣ ረጋ በይ እንጂ።"

"ቁረጠው አልኩህ።"

በመተት አላምንም። ይህን በስንቱ ሰው ፊት ደረቴን ነፍቼ ተናግሬአለሁ። መቀሱ ገበሩ ላይ ሲደርስ ግን እፈራለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ማዕድ የቆረስኳትን ሴት አላውቃት ይሆን ብዬ እፈራለሁ።

ክሩን በጣጥሼ አወጣዋለሁ። መዳፍ የምታክል ጥቅል ናት፤ በጥቁር ክር ወዲያና ወዲህ ተጠልፋለች። ጨርቁን አውቀዋለሁ። ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን ያመስኩበት ሸሚዜ ነው።

"ይኸው፣ አንተንም ጨምራሃለች" ትላለች እህቴ ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

እፈታዋለሁ። ጸጉር የለ፣ ሥር የለ፣ ጥጥ ብቻ። ግን ዝም ብሎ የታጨቀ ጥጥ አይደለም፤ ስስ ስስ ሆኖ ተደራርቦ፣ በአንድ በኩል ወፈር ብሎ ወደ ሌላው እየሳሳ ይሄዳል። መዳፌ ላይ ሳስተኛው ነገሩ ይገባኛል። እህቴን ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

የእህቴ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ። ሁልጊዜ ሻርፕ የምትደርበው ለዚህ ነው። በቤታችን ጉዳዩ ተነስቶ አያውቅም፤ እናታችን እንኳ አንድ ቀን ሳታነሳው ነው ያለፈችው። ሰሞኑን በዚህ ካፖርት ቀጥ ብላ ስትገባ አይቼ ደልቷታል ብዬ ነበር። ሚስቴ ለእኔ አልነገረችኝም። ለእሷም አልነገረቻትም። ምን ብላ ትንገራት?

እህቴ ጥጡን ከመዳፌ ላይ ታነሳለች። ግራ ትከሻዋ ላይ ታስቀምጠዋለች። ልክክ ይላል። በእጇ እንደያዘችው በመስኮቱ መስታወት ትከሻዋን ታያለች።

"የበሩ ዘበኛ ዘንጠሻል ብሎኝ ነበር" ትላለች። "የቀለደብኝ መስሎኝ ሰደብኩት።"

"ራስ ምታትሽስ?"

"መነጽሬ ይሆናል።" አፍንጫዋን በሻርፗ ትጠርጋለች። "መርፌ አለህ?"

"ማታ እሷው ትሰፋልሽ የለም እንዴ? እነግራታለሁ።"

"እንዳትነግራት። ማወቄን ካወቀች ትሳቀቃለች።"

ረቂቅ የምንጠርዝበትን ወፍራም መርፌ እሰጣታለሁ። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ፣ ጥጡን በሸሚዜ መልሳ ትጠቀልልና ገበሩ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ስፌት አይሆንላትም። ጥቁሩን ክር በከንፈሯ እያራሰች፣ ለራሷ የሆነ ነገር እያጉተመተመች፣ የሚስቴን የመርፌ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እየፈለገች ትወጋለች። በመተላለፊያው የሚያልፍ ሰው ቢያያት፣ መተት ስትሠራ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት ብሎ ይምላል።

ተነስቼ በሩን እዘጋላታለሁ።