የተቆለፈው ዋይፋይ

ዘርጋው የኮንዶሚኒየሙን ነዋሪ ሁሉ በሌብነት ይጠረጥር ነበር። ኢንተርኔቱ በተንቀራፈፈ ቁጥር «እነዚህ ጥገኞች ዋይፋዬን እየመጠመጡብኝ ነው» ይላል። ሚስቱ እማዋይሽ አንድ ጊዜ «የይለፍ ቃሉን ብንቀይረውስ?» ብትለው፣ «አንቺ ደግሞ! ስለዚህ ምን ታውቂያለሽ?» ብሎ አፏን አስዘጋት።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ «ጎረቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ስትወጣ፣ እሱ ራውተሩን ሊቆልፍ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀመጠ። የማስተካከያ ገጹ ሲመጣለት ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን የይለፍ ቃል አስገባ። አልቀበልም አለው። ደግሞ ሞከረ፤ እንቢ አለ።

«ጭራሽ በገዛ ቤቴ ይቆልፉብኝ!» ብሎ በነጠላ ጫማው ወጣና የፊት ለፊቱን በር ደበደበ። ወይዘሮ ሰዓዳ ከፈቱለት።

«እናንተ ማፈሪያዎች! የማንን ዋይፋይ ነው የምትነካኩት?»

«ኧረ እኛ ምኑን አውቀነው፣ አቶ ዘርጋው! የሕንጻውን ሁሉ የምትሠራልን እኮ እማዋይሽ ናት። ይኸው የእኛንም እየቆለፈችልን ነው፤ ልጥራልዎት?»

የሚስቱ ድምፅ ከሳሎናቸው መጣ።

«ዘርጋው፣ የእኛን የይለፍ ቃል አምና ነው የቀየርኩት። ይህን ልጨርስና መጥቼ አስገባሃለሁ።»