ሎሚ የቀመሰ ሙጫ

ዘርፌ ከግቢዋ ግራር የለቀመችውን ሙጫ ሦስት ቀን ከሎሚ ጋር ቀቅላ ነው ወደ መመርመሪያው ጣቢያ ያመጣችው። በሕጉ መሠረት ሙጫው የሙጫ ኩባንያው በስሙ ካስመዘገበው ጋር ከመቶ ዘጠና ከተመሳሰለ፣ ግራሩ በማንም ግቢ ይብቀል፣ የኩባንያው ይሆናል። ሎሚ የሙጫን የስኳር ሰንሰለት ቅርንጫፍ እንደሚያረግፍ ማንም አላስተማራትም፤ በገዛ ድስቷ ፈትና ነው የደረሰችበት።

መርማሪው ደመላሽ ጠብታዋን መሣሪያው ላይ አኖረ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተዘረጉ፤ የኩባንያው ቅርንጫፉ የተንዠረገገ፣ የእሷ የተመለጠ።

«ስድሳ አንድ» አለ ደመላሽ። «የሰንሰለቱ ግንድ ግን ያው ነው። ቅርንጫፉን ምን በላው፣ እትዬ ዘርፌ?»

«ድርቅ ነዋ! ድርቅ ሰውንስ መቼ ማረ?»

«ሎሚ ሎሚ የሚሸት ድርቅ ገና ዛሬ አየሁ።»

«አፍንጫህ ሕግ ሆነ እንዴ? ቁጥሩን ጻፍ!»

ጻፈ። ልትፈርም ወረቀቱን በግራ እጇ ስትይዝ ግን ዓይኑ መዳፏ ላይ ቀረ። ድስቱ ገንፍሎ አቃጥሏት ነበርና፣ እንደ አገሯ ልማድ ጥሬ ሙጫ ለጥፋበታለች፤ ሳታስበው ከዚያችው ግራር ቆርሳ።

«ከዚህም ትንሽ ልውሰድ» ብሎ ወረንጦውን አነሳ።

ይህ ሎሚ ያልነካው ከተመረመረ ግራሯ አለቀላት። ዘርፌ መዳፏን ወደ አፏ ወሰደች፤ የደረቀውን ሙጫ ከነቆዳዋ በጥርሷ ገሽልጣ ዋጠችው። ደሙ በክንዷ ወረደ።

«በል፣ እንግዲህ ሆዴን መርምር!» አለችና ብዕሩን ነጥቃ ፈረመች።