በሰባ አራት የሚያልቁ ነጭ መኪኖች

የተሽከርካሪ ምዝገባ ቢሮው ሠራተኞች ለምሳ ወጥተዋል። የቀረችው የመረጃ ክፍሏ ባለሙያ ብቻ ናት። በሩ በርግጫ ተበርግዶ ዘበኛው በጀርባው ወለሉ ላይ ተዘረረ፤ ግንባሩ ተተርትሮ ደም ዓይኑን ሞልቶታል። ሁለት ሰዎች ተራምደውት ገቡ። ፊተኛው ሽጉጥ ይዟል። ኋለኛው በሩን ቆልፎ ተደገፈው።

«ልጄን ገጭቶ ያመለጠውን ሰው ስም ትሰጪኛለሽ» አለ ባለሽጉጡ። ዓይኖቹ ከለቅሶ ብዛት አብጠዋል። «መኪናዋ ነጭ ናት። ታርጋዋ በሰባ አራት ያልቃል። ያየው ሰው ከዚህ በላይ አላነበበም።»

«ፖሊስ ጋ...»

«ፖሊስ ጠብቅ አለኝ። ልጄን አፈር አልብሼ ምን ልጠብቅ?»

በሩን የተደገፈው ወንድሙ ነው፤ ለቀብሩ ከሌላ ከተማ የመጣ።

ባለሙያዋ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። የባለቤቷ መኪናም ነጭ ናት፤ በሰባ አራት ታልቃለች። ባለፈው ሳምንት የፊት መብራቷን አስቀይሮ «ከአጥር ጋር ተጋጨሁ» ብሏታል። እሷም አምናው ነበር።

«የፍለጋው ፕሮግራም ሙሉ ታርጋ ካላገኘ አይሠራም» አለች።

ወንድምየው ተንደርድሮ መጥቶ በጥፊ አጮላት። «ሰማህ? አይሠራም! ሰው ሳይደርስብን እንሂድ።»

አባትየው አልተነቃነቀም። የሽጉጡን አፈሙዝ ጆሮ ግንዷ ላይ ለጠፈው። «ሌላ መንገድ አለ?»

አለ። የኮምፒውተሩን ጥቁር የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍታ፣ በአንዲት መስመር ትእዛዝ የአገሪቱን የመኪኖች መዝገብ፣ ዳታቤዙን በሙሉ፣ ወደ አንድ ፋይል መገልበጥ ትችላለች። ከዚያ ፋይሉን እንደልብ መበርበር ነው። እዚያችው መስመር ላይ ጥቂት ቃላት ብትጨምር ደግሞ የአንድ ሰው፣ የባለቤቷ፣ መዝገብ ሳይገለበጥ ይቀራል። የሚያውቅባት የለም። መጻፍ ጀመረች፤ እዚያች ቦታ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙ።

«የልጄን ጫማዎች ለየብቻ ነው ያገኘናቸው» አለ አባትየው፣ ማንም ሳይጠይቀው። «አንዱን እዚህ፣ አንዱን ከመንገዱ ማዶ።»

ባለሙያዋ ዓይኗን ጨፈነች። ምንም ሳትጨምር ትእዛዙን ላከችው።

ወንድምየው በትከሻዋ ላይ አጎነበሰ። «ሁሉም ይወጣል? በቅርብ የተመዘገበውም?»

«ሁሉም።»

እጇን ጠረጴዛው ላይ አጣብቆ ጣቷን ወደ ኋላ ቀለበሰው። ቀጭ አለ። ጩኸቷ ዘበኛውን ከሰመመኑ አነቃው፤ ሊነሳ ሲል ወንድምየው ጎኑን በርግጫ አለውና መልሶ አስተኛው።

«እያታለለችን ነው! ፊቷ አመድ መስሏል፤ ሰውየውን ታውቀዋለች! ፋይል ምን ያደርግልናል? ይዘናት እንውጣ፣ ሌላ ቦታ ትለፈልፋለች!» ጎንበስ ብሎ የኮምፒውተሩን ገመድ ያዘ።

አባትየው በሽጉጡ እጀታ ትከሻውን ነረተው። «ተው አልኩህ! ትጨርስ!»

ወንድምየው ትከሻውን እያሸ ወደ በሩ ተመለሰ። ፋይሉ ተጠናቀቀ። ባለሙያዋ የተሰበረ ጣቷን እቅፏ ውስጥ ደብቃ በሰባ አራት የሚያልቁትን ነጭ መኪኖች በአንድ እጇ ፈለገች። ጥቂት መስመሮች ወጡ።

«እውነት ታውቂዋለሽ?» አላት አባትየው።

መዋሸት አቃታት። «ባለቤቴ... የእሱም ነጭ ናት። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው እሱ ነው። መብራቷን በቅርቡ አስቀይሯል።»

አባትየው ሽጉጡን አቀባበለ። «የት ነው ያለው?»

«ልጆቼን አባት አታሳጣቸው፤ በፈጠረህ!»

«አገኘነው!» አለ ወንድምየው ከበሩ፣ ቁልፉን እያዞረ። «ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ቤቱን ታሳየናለች፤ ቶሎ በል!»

 አባትየው ከታች ያለውን መስመር እያነበበ ነበር። አንብቦ ጨረሰና እንደገና አነበበው። ከዚያ ሽጉጡን ከእሷ ላይ አንስቶ ወደ በሩ አዞረ።

«ወንድሜ፣ የአንተና የአባታችን ስም እዚህ ምን ይሠራል?»