ለሕይወት ታሪኩ የቆመ ዘበኛ

ጡረታ የወጣው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሀብት አንድ ብቻ ነው፦ ለቀብሩ ቀን እንዲነበብለት ራሱ የጻፈው የሕይወት ታሪኩ። ሰው በደንብ ይጽፍልኛል ብሎ አላመነም። የጎረቤቱ ታሪክ መቃብር አፋፍ ላይ በሦስት መስመር ሲያልቅ በጆሮው ሰምቷል። የእሱ አርባ ገጽ ደርሷል፤ ያውም ገና ትዳር ጋ አልደረሰም።

የኮምፒውተር ሌቦች በዝተዋል ሲባል በሬዲዮ ሰማና በነጻ የሚገኝ ፋየርዎል፣ ማለትም የኮምፒውተር ዘበኛ የሚሆን ፕሮግራም፣ ሊመርጥ ተነሣ። ሰፈሩ ያለው ኢንተርኔት ቤት ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። ሚስት ሲያጭ እንኳ እንዲህ አላጣራም። አንዱን "ጥያቄ ያበዛል" ብሎ ጣለው፤ ሌላውን "ዝም ያለ ዘበኛ እንቅልፋም ነው" ብሎ ተወው። በመጨረሻ የመረጠውን በፍላሽ ይዞ መጣና ቤቱ ጫነው።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት እየከፈተ "ዛሬም አንድ ሌባ ዝር አላለም!" እያለ ልጁ ቤዛዊት ላይ ይጎርር ጀመር።

በአራተኛው ቀን የሕይወት ታሪኩ አልከፈት አለው። ቤዛዊት ትንሽ ነካካችና ቀና አለች።

"አባዬ፣ ቫይረስ በልቶታል።"

"ዘበኛ አቁሜ በየት ገባ?"

"ዘበኛህ የሚጠብቀው የኢንተርኔቱን በር ነው። እኛ ቤት ደግሞ ኢንተርኔት ኖሮ አያውቅም።"

"ታዲያ ቫይረሱ በምን መጣ?"

ቤዛዊት ፍላሹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ከዘበኛው ጋር፣ አንድ ላይ።"

ወረቀትና እስክሪብቶ ፈልጎ ታሪኩን እንደገና ጀመረ። በሦስት መስመር አለቀ።