ፍየል በምን ትሄዳለች

«ፍየልስ በምን ትሄዳለች?» ትላለች መምህርት ትጊ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ሥዕሎች በቀጭን ሸምበቆ እየነካች። አውቶቡሱ ሰው ይዟል፣ የጭነት መኪናው ጆንያ። ፍየሏ ብቻዋን ቆማለች።

የሀሌሉያ እጅ ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል። «ከሰው ጋር።»

የአፀደ ሕፃናቱ ክፍል በሳቅ ይሞላል።

አባቷ ተስፋሁን የረሳችውን ምሳ ዕቃ ይዞ መስኮቱ ሥር ደርሷል። ሳቁን ሲሰማ አንገቱ ድረስ ይግላል። ያውቀዋላ! ባደገባት ከተማ ገዘር፣ አራተኛ ክፍል እያለ፣ «መጓጓዣ ጥቀስ» ቢባል «የእናት ጀርባ» ብሎ ነበር። ሳቁን የጀመረው መምህሩ ራሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ጀርባው» ሆኖ ቀረ። ትምህርቱን ጥሎ፣ ረዳት ሆኖ፣ የአይሱዙ መሪ ከጨበጠ በኋላ እንኳ ገዘር ሲገባ «ጀርባው መጣ» ይሉታል። የተማረ ሰው ባየ ቁጥር ያ ቂም ይነሣበታል።

አሁንም ቆርጧል። ይቺ አስተማሪ አብራ ከሳቀች ልጁን ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛ ይህን ግቢ አትረግጥም።

ትጊ አትስቅም። ሸምበቆዋን ታስቀምጣለች። «ከሰው ጋር እንዴት ነው? እስኪ ንገሪን፣ የኔ እመቤት።»

«መጀመሪያ ማሽላ ይጫናል። ከዚያ ፍየል። ሰው ማሽላው ላይ ይወጣል። ትራፊክ ጋ ሲደርስ ሰው ይወርድና በእግሩ ያልፋል፣ ከዚያ መልሶ ይወጣል። አባዬ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ተስፋሁን ግራ ቀኙን ያያል። ‘ጉድ አደረገችኝ’ ይላል በሆዱ።

«እኔም ከቱርሚ የመጣሁት እንደዚሁ ነው» ትላለች ትጊ። «ፍየሏ የቀሚሴን ጫፍ በልታብኝ።»

ልጆቹ እንደገና ይስቃሉ። ይሄኛው ሳቅ ማንንም አይነክስም።

ወንበሮቹን ጎትታ መኪና ትሠራለች። ቦርሳዎቹ ማሽላ ይሆናሉ። ሀሌሉያ ፊት ተቀምጣ መሪ ትይዛለች። «ፍየል ማን ይሁን?» ትላለች ትጊ።

«እኔ አልሆንም» ይላል በእምነት የሚባለው ጥርሰ ወላቃ፤ «ፍየል ይታረዳል።»

«እንግዲያው እኔ ነኛ» ትልና፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቷና በእጇ ትቆማለች። ዲግሪ ያላት ሴት። ተስፋሁን እንከን ይፈልግባታል፤ ለታይታ ነው እንዳይል፣ መስኮቱ ሥር መቆሙን አታውቅ። ፈልጎ ያጣል። እንዲህ ያለም አስተማሪ አለ ለካ።

«ጥግ ያዢ፣ ቲቸር» ትላለች ሀሌሉያ ዞር ብላ። «ሰው ይረግጥሻል።»

«እሺ፣ ሹፌር» ብላ ትጊ ወደ ጥግ ትጠጋለች። ልጆቹ ማሽላው ላይ ይወጣሉ።

ሀሌሉያ በአፏ ሞተር ታስነሣለች። መሪዋን ታዞራለች። «ያዝ፣ ያዝ! ጠመዝማዛው መጣ» ትላለች፣ ቁርጥ በአባቷ ድምፅ።

የተጫነው ሁሉ ወደ ግራ ያጋድላል፤ ልጆቹም፣ ፍየሏም። ከመስኮቱ ውጭ፣ ማንም ሳያየው፣ የተስፋሁን ትከሻ አብሮ ያጋድላል።