ከቁጥቋጦው ሥር የተቀበረው ደምጃን

ሃልሽካ በተወለደች ሳምንት አባቷ ቦጉሚል አንድ ደምጃን የስሞሮዲና አረቄ ጓሮ ቀበረ። ስሞሮዲና ያ ጥቁር፣ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ስሙን ያገኘው ከሽታው ነው፤ ቅጠሉን የነካ ሰው ቢታጠብም ቶሎ አይለቀው። ፍሬው ለሳል ይሆናል፣ ቅጠሉ በጨው ከሚቀመጥ ኪያር ጋር ማሰሮ ይገባል፣ የተረፈው አረቄ ይወጣዋል። ለሴት ልጅ የተጠመቀው ግን እስከ ሰርጓ ከመሬት አይወጣም። አባት ከፍቶ የመጀመሪያውን ለሙሽራው ይቀዳል። አባት ብቻ!

ቦጉሚል ያኔ ከወደብ ሥራ ገና መመለሱ ነበር፤ ልጅቱ ካሰበው ቀድማ ተወልዳ ጠበቀችው። ጉድጓዱን አብሮት የቆፈረው ጎረቤቱ ዜኖን ነው። ዜኖን ትዳር የሚባል አልያዘም። ሃልሽካ ባሳላት ቁጥር ግን የስሞሮዲና ማርማላታውን ይዞ ከተፍ ይላል። ቦጉሚል ከወንድሞቹ አስበልጦ ይወደው ነበር።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ቦጉሚል አካፋውን ይዞ ወደ ጓሮ ወረደ። አፈሩ ልስልስ አለበት። ጉድጓዱ ባዶ ነው።

«ማሪላ! ደምጃኔን!»

ሚስቱ በኩሽናው መስኮት ብቅ አለች። «ዛሬን እንኳ አትጩህ። አረቄ እንደሆን ሱቅ ሞልቷል።»

«የምን ሱቅ! ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት ለዚች ቀን አይደል እንዴ?»

ቦታውን ከቤተሰቡ ሌላ የሚያውቅ ማን አለ? ዜኖን።

ዜኖን ከረባቱን አስሮ በአጥሩ በር ሲገባ ቦጉሚል ኮሌታውን ጨምድዶ አሸተተው። ስሞሮዲና!

«ጠጣኸው አይደል? አንተ ከርሳም!»

«ቀምሻለሁ» አለ ዜኖን።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አይደል። አንተ ግን? አንተ?»

ለሰርጉ የመጡት እንግዶች ወደ አጥሩ ዞሩ። ሙሽራው ስሞሮዲና ያጠቆረውን ከንፈሩን በመሀረብ ጠረገና ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ተወው ቦጉሚል፣ በማርያም ይዤሃለሁ» አለች ማሪላ። ፊቷ አመድ መስሏል።

«አልተውም! የልጄን ሰርግ አያይም። ውጣልኝ!»

ዜኖን ባርኔጣውን አድርጎ ወደ በሩ ዞረ። ቦጉሚል እንባው መጣ፤ ወንድሜ ያለው ሰው ነዋ የከዳው።

«አባዬ!»

ሃልሽካ ናት። ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። ቦጉሚል አካፋውን ጥሎ እጁን ዘረጋላት።

በጎኑ አልፋ ሄዳ ዜኖን አንገት ላይ ተጠመጠመች።